የተዘጋው የትምህርት ቤት ደጅ

ሰው የጤናን ዋጋ የሚያውቀው ከታመመ በኋላ፥ የውሃንም ዋጋ የሚያውቀው ምንጩ ከደረቀ በኋላ ነው። የትምህርት ቤትም ነገር እንደዚሁ ነው። መስከረም ጠብቶ፥ ደብተር ተገዝቶ፥ ልብስ ታጥቦ፥ ደወል በተደወለ ጊዜ ተማሪ ሁሉ ወደ ክፍሉ የሚገባው፥ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያለ ጥርጥር የሚሆን ነገር መስሎት ነው። ደጁን ማን እንደ ከፈተው፥ አስተማሪውን ማን እንደ ቀጠረው፥ ወንበሩን ማን እንደ ገዛው የሚጠይቅ ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ደጅ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ተዘጋበት ስለ አንድ አውራጃ ታሪክ መጻፍ፥ ደጁ ለተከፈተለት ወጣት ይጠቅመዋል ብዬ አሰብሁ። ዘመኖቹን ሁሉ የቈጠርሁት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድራቸው በዋሽንግተን ያለው መንግሥት አይደለም። አብዛኛው ግዛት ሥራውን ለየአውራጃውና ለየከተማው አካፍሎ ሰጥቷል። አውራጃው የትምህርት ቦርድ አለው፤ ቦርዱም አስተማሪ ይቀጥራል፥ ሕንፃ ያሠራል፥ ልጆችን ከየመንደሩ የሚያመጣ አውቶቡስ ያሰማራል። ገንዘቡም ከግዛቱ ግምጃ ቤት ከሚመጣው በቀር፥ የአገሩ ሰው በቤቱና በመሬቱ ልክ ከሚከፍለው ግብር ይወጣል።

በየዓመቱም የበጋቸው ዕረፍት ሊያልቅ ሲል፥ ይኸውም የእኛ ክረምት ሊወጣ በሚልበት ወራት ነው፥ ቦርዱ ለወላጆችና ለአገሩ ሕዝብ ማስታወቂያ ያወጣል። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን፥ አውቶቡሱ የሚያልፍበት ሰዓት፥ የምሳው ዋጋ፥ ልጁ ይዞት የሚመጣው ዕቃ በዚያ ውስጥ ይገኛል። እናት አንብባ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ትረሳዋለች። ነገር ግን ይህ ተራ መስሎ የሚታየው ወረቀት በመሠረቱ ቃል ኪዳን ነው። «እናንተ ግብር ከፍላችኋል፤ እኛም ልጆቻችሁን ተቀብለን እናስተምራለን» ማለት ነው። ቃል ኪዳኑ ለሁሉ ይሁን ወይስ ለአንዳንዱ ብቻ የሚታወቀው ግን በፈተና ጊዜ ነው።

ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባለው አውራጃ በቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ዋና ከተማው ፋርምቪል ይባላል። ሕዝቡ በብዛት ገበሬ ሲሆን ትንባሆ እየዘራ ይኖር ነበር፤ ከሕዝቡም ወደ ግማሽ የሚጠጋው አያቶቹ በባርነት የነበሩ ጥቁር ሕዝብ ነበር። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አብረው እንዳይማሩ ይከለክል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1896 ስለ ባቡር ተሳፋሪዎች በፈረደው ፍርድ፥ አገልግሎቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሰውን በቀለሙ መለየት ሕግን አያፈርስም ብሎ ነበር። እንግዲህ መለየቱ በሥራ ተፈጸመ፤ እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ።

በፋርምቪል ለጥቁሮች ልጆች በ1939 የተሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሮበርት ሩሳ ሞተን ስም ይጠራ ነበር። ሞተን በዚያው አውራጃ ያደገ፥ ኋላም የታወቀውን የተስኪጊ ትምህርት ቤት የመራ ሰው ነው። ሕንፃው የተሠራው ለ180 ተማሪዎች ነበር፤ በ1951 ግን ከ450 የማያንሱ ተማሪዎች ተጨናንቀውበት ነበር። የአውራጃው ሹሞች አዲስ ሕንፃ በመሥራት ፈንታ፥ በሬንጅ የተነከረ ወረቀት የተለበጡ የእንጨት ጎጆዎች በግቢው ውስጥ አቆሙ። ዝናብ ሲዘንብ ጣራው ያፈስ ስለ ነበር፥ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚማር ተማሪ ነበር። በብርዱ ወራትም ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ሲቃጠል ራቅ ብሎ የተቀመጠው ይንቀጠቀጥ ነበር። የነጮቹ ልጆች ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽና የምግብ ቤት ሲኖረው የሞተን ተማሪዎች ሁለቱንም አያውቋቸውም። ወላጆች ወደ ቦርዱ እየተመላለሱ ቢለምኑም የተስፋ ቃል ከመስማት በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም።

በእኛ አገር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በሞተን ትምህርት ቤት ግን ልጆች ያቦኩት ለአገር ሁሉ ተረፈ። በዚያ ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ትማር ነበር። አንድ ቀን ጧት አውቶቡስ አምልጧት በመንገድ ዳር ቆማ ሳለች፥ የነጮች ልጆች አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ሆኖ በአጠገቧ እንዳለፈ እርሷው ራሷ በኋላ ጽፋለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለባት ቈረጠች። ከጥቂት የታመኑ ጓደኞቿ ጋራ ወራት በቈየ ምክር ነገሩን በምሥጢር ሲያዘጋጁ ሰነበቱ። ምሥጢሩንም ለወላጆቻቸው እንኳ አልገለጡትም።

አፕሪል 23 ቀን 1951 ጧት፥ ተማሪዎቹ በከተማ ችግር ደረሰባቸው የሚል የስልክ መልእክት ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደረሰው፤ እርሱም ፈጥኖ ወደ ከተማ ወረደ። ወዲያውም ተማሪዎች ሁሉ ወደ አዳራሽ እንዲሰበሰቡ የሚያዝ ወረቀት ወደየክፍሉ ተላከ። መጋረጃው ሲገለጥ በመድረኩ ላይ ቆማ የተገኘችው ባርባራ ናት። አስተማሪዎቹ እንዲወጡ ለመነች፤ ከዚያም የሚደርስባቸውን በደል ቈጥራ፥ አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ ወደ ክፍል እንዳይገቡ ጠየቀቻቸው። ተማሪዎቹም ተከትለዋት ወጡ። ሁለት ሳምንት ያህልም አድማው ቈየ። ዲሬክተሩን በውሸት መልእክት ማራቃቸውን እኔ አላመሰግንም፤ ነገር ግን እንዲህ ያደረጉት አብሮ መክሯል ተብሎ እንዳይከሰስ ብለው ነበር። የሆነው ሆኖ እርሱም ከሥራው ሳይባረር አልቀረም።

ልጆቹ በሪችመንድ ለሚኖሩ ለሁለት የታወቁ ጥቁር ጠበቆች፥ ለኦሊቨር ሂልና ለስፖትስዉድ ሮቢንሰን ደብዳቤ ጻፉ። ጠበቆቹም መጥተው ልጆቹን ካዩ በኋላ፥ አዲስ ሕንፃ ብቻ ለመለመን ከሆነ አንከራከርላችሁም፤ መለየቱ ራሱ እንዲቀር ለመክሰስ ከሆነና ወላጆቻችሁ ከተስማሙ ግን እንቆማለን አሏቸው። ይህ ለወላጆች ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ብዙዎቹ የነጮችን መሬት የሚያርሱ፥ በነጮች ቤት የሚያገለግሉ ነበሩና፥ ፊርማ መፈረም እንጀራን ሊያሳጣ ይችል ነበር። በፋርምቪል የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ፍራንሲስ ግሪፊን ሕዝቡን በዚያ ሰበሰቡት፤ ወላጆቹም ከልጆቻቸው ጎን ቆሙ። ሜይ 23 ቀን 1951 በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ቀረበ። ባርባራም ጉዳት እንዳያገኛት በመፍራት ወላጆቿ ወደ አላባማ ግዛት ወደ አጎቷ ቤት ሰደዷት።

ክሱ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፈ። በዚህ መካከል የአውራጃው ሹሞች በ1953 አዲስ ሕንፃ ሠርተው ለጥቁሮች ልጆች ከፈቱ፤ ነገሩ በዚህ የሚበርድ መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሌሎች አራት ጉዳዮች ጋራ ተጣምሮ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 17 ቀን 1954 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፥ ልጆችን በቀለማቸው መለየት በራሱ እኩልነትን ማፍረስ ነው ብለው ፈረዱ። አንዲት የገጠር ልጅ በእንጨት መድረክ ላይ የተናገረችው ነገር በሦስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ፍርድ ማግኘትና ፍርድ ማስፈጸም ሁለት ነገር ናቸው። የቨርጂኒያ መሪዎች ፍርዱን በሙሉ ኃይላቸው ለመቃወም ተነሡ፤ ከነጭ ጋራ ጥቁር የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲዘጋ የሚያዝ ሕግም አወጡ። በዚህም ሕግ በ1958 መስከረም ላይ በኖርፎክና በሻርለትስቪል ከተሞች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጃንዋሪ 1959 ፍርድ ቤቶች ሕጉን ስላፈረሱት በእነዚያ ከተሞች ደጁ ተከፈተ። ፕሪንስ ኤድዋርድ ግን ሌላ ብልሃት ፈለገ። በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ራሱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ገንዘብ የሚመድብለት የአውራጃው ሸንጎ ነው። ፍርድ ቤት እስከ ሴፕቴምበር 1959 ድረስ ነጭና ጥቁር ልጆችን አብራችሁ አስተምሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ፥ የአውራጃው ሸንጎ በጁን ወር ተሰብስቦ ለትምህርት ቤት የሚሆን ግብር አልጥልም፥ ገንዘብም አልመድብም ብሎ ወሰነ። ገንዘብ ከሌለ አስተማሪ የለም፤ አስተማሪ ከሌለ ትምህርት የለም። ስለዚህ ማንም ትምህርትን በቃሉ ሳይከለክል፥ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ።

በዚያ ዓመት መስከረም፥ በአሜሪካ ወላጅ ሁሉ የትምህርት መክፈቻ ማስታወቂያ ሲቀበል፥ የፕሪንስ ኤድዋርድ ወላጆች የተቀበሉት የተቈለፈ ደጅ ነው። 1,700 የሚያህሉ ጥቁር ልጆች ያለ ትምህርት ቀሩ። ለነጮቹ ልጆች ግን ሀብታሞቹ ገንዘብ አዋጥተው የግል ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በመጀመሪያ በአብያተ ክርስቲያናትና በልዩ ልዩ አዳራሾች ይማሩ ነበር፥ ኋላም የራሳቸው ሕንፃ ተሠራላቸው። ከሕዝብ ግብርም የትምህርት ክፍያ ድጎማ ለጊዜው ተሰጣቸው። ለሁሉ የሚሆን ገንዘብ የለም የተባለው፥ ለአንዱ ወገን ሲሆን ተገኘ።

የጥቁሮቹን ወላጆች የፈተናቸው ዋና ነገር ከዚህ ቀጥሎ መጣ። አንዳንድ ነጮች ለእናንተም ልጆች የግል ትምህርት ቤት እናቋቁምላችሁ ብለው ጠየቋቸው። አንባቢ ሆይ! አንተ አባት ብትሆን ምን ትመልስ ነበር? ጥያቄውን ቢቀበሉ ልጃቸው በዚያው ዓመት ይማራል፤ ነገር ግን መለየቱን በፈቃዳቸው አጸደቁ ማለት ነው፥ የያዙትም ክስ ይፈርሳል። ባይቀበሉ ክሱ ይጸናል፤ የልጃቸው ዕድሜ ግን ይባክናል። ከጥቂት በቀር ሁሉም አንቀበልም አሉ። ይህ ውሳኔ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት ያልተጠየቁት ልጆች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። መብትን ለልጅ ልጅ ለማትረፍ ሲባል የገዛ ልጅን ዓመታት መስጠት፥ በሩቅ ሆነን እንደምናመሰግነው በቅርብ ሲያዩት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ልጆቹ ምን ሆኑ? አንዳንዱ አጎቱ ወይም አያቱ ወደሚኖሩበት ወደ ጎረቤት አውራጃ ተላከ። ጥቂት ከፍ ያሉ ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይና በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ተቀባይነት አገኙ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ሌሎችን በልዩ ልዩ ግዛቶች በማያውቋቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ አኖሯቸው፤ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ለመማር ሲል ከእናቱ ተለየ። በአውራጃው ለቀሩት ቄስ ግሪፊንና ሌሎች ሰዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ማሠልጠኛ ከፈቱ። ትምህርት ቤት ብለው አልጠሩትም፤ ትምህርት ቤት መክፈት የአውራጃው ግዴታ ነውና ግዴታውን የተወጣለት እንዳይመስለው ብለው ነው። የቀሩት ብዙ ልጆች ግን ከወላጆቻቸው ጋራ ወደ ትንባሆ እርሻ ወረዱ፥ ወይም በቤት ውስጥ ታናናሾቻቸውን ሲጠብቁ ኖሩ። በ1959 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው፥ አሥር ዓመት ሆኖት ፊደል ሳይለይ ተገኘ።

ለሰው ጕድጓድ የሚቈፍር ራሱ ይገባበታል እንዲባል፥ ከነጮቹም መካከል የተጎዱ አልታጡም። የግሉን ትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ያልቻሉ የድኻ ነጮች ልጆችም ያለ ትምህርት ቀርተዋል። ደጁ ሲዘጋ የተዘጋው በጥቁሮች ላይ ነው ተብሎ ነበር፤ ቍልፍ ግን ሰውን በቀለሙ ለይቶ አያውቅም።

አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት አሳሳቢነት፥ ከበጎ አድራጊዎች በተሰበሰበ ገንዘብ ነጻ ትምህርት ቤት የሚባል ለሁሉ ቀለም ልጆች የሚሆን ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የቨርጂኒያ ገዥ የነበሩት ኮልጌት ዳርደን ሲሆኑ፥ ትምህርት ቤቶቹን እንዲመራ ከኒው ዮርክ ግዛት ኒል ሰሊቫን የሚባል ሰው መጣ። ለወላጆችም ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ደረሰ፦ ልጆቻችሁን ላኩ፤ አውቶቡስ ይመጣል፤ መጽሐፍ አለ፤ ነጭም ሆነ ጥቁር አስተማሪ አለ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1963 ከ1,500 የማያንሱ ልጆች መጡ፤ ከእነርሱ መካከል ነጮቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። የ12 ዓመቱን ልጅ ከ12 ዓመት ልጆች ክፍል ማስገባት ስለማይቻል፥ ልጆቹን በዕድሜያቸው ሳይሆን በችሎታቸው ደልድለው ከፊደል ጀምሮ ያስተምሯቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በተገደሉ ጊዜ፥ ልጆቹ ለመታሰቢያቸው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ሳንቲም አዋጥተው፥ በሜይ 1964 ሊጎበኛቸው ለመጣው ለወንድማቸው ለሮበርት ኬኔዲ ሰጡት። ከድኻ ልጆች እጅ የወጣ ሳንቲም ነውና የምስጋናቸውን ልክ ያሳያል።

ሜይ 25 ቀን 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቄስ ግሪፊን ልጅ ስም በሚጠራው ጉዳይ ላይ ፈረደ። ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት ፍርድ መሠረት፥ ነጮቹን በግል ትምህርት ቤት እየደገፉ የሕዝቡን ትምህርት ቤት መዝጋት ሕገ መንግሥትን ማፍረስ ነው፤ አስፈላጊም ከሆነ ፍርድ ቤቱ የአውራጃው ሸንጎ ግብር እንዲጥል ሊያዝ ይችላል ተባለ። በ1964 መስከረም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተከፈቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ሁሉ ግን አልተመለሰም። በ1959 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው አሁን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሆኖ ሥራ ይዟል፥ አንዳንዱም ቤት ሠርቷል። ፍርድ ቤት ደጅ ማስከፈት ይችላል፤ ያለፈውን ዓመት መመለስ ግን አይችልም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ስለ ተደረገው ነገር መጸጸቱን የገለጠው በ2003 ነው፤ በዚያው ዓመት ያለ ዲፕሎማ ለቀሩት አረጋውያን የክብር ዲፕሎማ ተሰጣቸው። በ2004 ደግሞ ያመለጣቸውን ትምህርት ለመቀጠል ለሚፈልጉ የገንዘብ ድጋፍ ተመደበ። ጣራው ያፈስ የነበረው የሞተን ትምህርት ቤት በ2001 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በ2008ም በሪችመንድ በምክር ቤቱ ግቢ ለእነዚያ ልጆች መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ባርባራ ጆንስ ይህን ሁሉ አላየችም። የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ሆና በጸጥታ ኖራ በ1991 ዐረፈች።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ ትምህርት ቤት እንደ ፀሐይ በራሱ የሚወጣ ነገር አለመሆኑን ነው። ጎረቤቶች ተስማምተው ገንዘባቸውን ካላዋጡ፥ ሹማምንትም የተዋጣውን በቅንነት ካላዋሉት ደጁ አይከፈትም። ሁለተኛ፥ ክፉ ሥራ ሁልጊዜ በጩኸትና በዱላ እንደማይመጣ ነው። የፕሪንስ ኤድዋርድ ሸንጎ ማንንም ልጅ አልመታም፤ በጀት ሳይመድብ ዝም አለ እንጂ። በጸጥታ በተዘጋ መዝገብ ስንት ሕፃን እንደሚጎዳ ማወቅ፥ ነገ ሹም ለሚሆን ወጣት ታላቅ ትምህርት ነው። ሦስተኛ፥ ድፍረት ዕድሜ እንደማይጠብቅ፥ ነገር ግን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ልጅቱ ጀመረች፤ ጓደኞቿ ተከተሏት፤ ወላጆች ፈረሙ፤ ቄሱ ሰበሰቡ፤ ጠበቆች ተከራከሩ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ነገሩ አይፈጸምም ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ዓመቱ ተመልሶ የትምህርት መክፈቻ ቀን በተነገራችሁ ጊዜ፥ ያን ቀን እንደ ተራ ቀን አትቍጠሩት። ያን ቃል ለመስማት አምስት ዓመት የጠበቁ ልጆች ነበሩ። በጊዜ ገብታችሁ፥ የተሰጣችሁን መጽሐፍ አክብራችሁ ተማሩ። ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ከክፍል ገብታችሁ በተቀመጣችሁ ጊዜ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከሰፈራችሁ ልጆች ማን ቀርቷል? ስለ ምን ቀረ? በድህነት ነው? በርቀት ነው? ወይስ አንድ ሰው እንዳይገባ ፈልጎ ነው? ይህን ጠይቃችሁ ለወላጆቻችሁና ለአስተማሪዎቻችሁ ብትነግሩ፥ ከተማራችሁት ትምህርት ሁሉ የሚበልጠውን ተምራችኋል። የራሱ ደጅ ሲከፈት የሚደሰት ሰው ብዙ ነውና፤ የጎረቤቱ ልጅ ደጅ ተከፍቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን አገር የሚያቆም እርሱ ነው።